ለሚመለከተው ሁሉ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ መቶ አሥራ… ቆይ፣ ይሰረዝ።
እንበል ብቻ፦ ከከተማው ጠርዝ፣
አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ሲጀምር፣
የሊፍቱ ጉድጓድ በሳንቃ የታሸገ ሕንፃ፣
ከብዙ በር አንዱ በር።

ቀን እጅጌ እሰፋለሁ። ግራ እጅጌ ብቻ።
ሦስት ዓመቴ ነው፤ ቀኙን ማን እንደሚሰፋው አላውቅም።
ሸሚዙ አንገቱ ላይ የባዕድ ሰው ስም
ታትሞበት ይሄዳል፣ በኮንቴይነር፣ በመርከብ፤
የእኔን ጠይቆ የሚያውቅ የለም።
የሲኦሲ ወረቀቴ ብቻ ከነፎቶው ከነማኅተሙ
«ደረጃ ሁለት» ብሎ፣ እስከ አያቴ ቆጥሮኝ፣
ከፍራሼ ስር ተኝቷል።

ማታ ሌላ ነኝ።
መብራት ካልሄደ፣ ኔትወርክ ካላኮረፈ፣
አምስት ለአምስት በምንፋለምበት ሜዳ
መርፌ እባላለሁ፤
ወግታ የምትወጣ፣ ስትፈለግ የማትገኝ።
«መርፌ፣ ወንድሜ፣ ሸፍነኝ!» ይላል አንዱ ከድሬ፤
እሸፍነዋለሁ፣ ማይኬን ዘግቼ፣ ድምፄን ውጬ፣
ጣቴን ብቻ አናግሬ።

ድሮ ሌላ ስም ነበረኝ።
አንድ ሌሊት ሳል አመለጠኝ፤
«ሴት ናት እንዴ?» አሉ።
ጨዋታው ቀርቶ በእኔ ተጫወቱ።
በማግስቱ ያን ስም ከነደረጃው ቀብሬ
ከዜሮ ጀመርኩ።

ኪሩቤል ግን ሮባ ጌም ቤት ግድግዳ ላይ
የምስክር ወረቀቱን አሰቀለ፤ ልጅ ነው፣ ደስ አለው።
ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ የተጫወተበት ሰዓት፣
ከላይ በደማቁ፦ ለሚመለከተው ሁሉ።
ተመለከቱ።
የተሸነፉት በውድቅት እናቱ ጋ ደወሉ፤
አንዱ የሚማርበትን ክፍል ነገራት፣
አንዱ ምንም ሳይል ተነፈሰባት።
እስከ ዛሬ ስልክ ሲጮኽ
ከማንሳቷ በፊት መብራት ታጠፋለች።

እና ከመሐል ከተማ የውድድሩ ጥሪ ሲመጣ፣
«የችሎታ ማረጋገጫ ያላችሁ ብቻ» ሲል፣
ሮባ ፕሪንተሩን በጡጫ እየቀሰቀሰ
«ሙሉ ስምሽን በይ» አለኝ።
«ያየኸውን ጻፍ» አልኩት። «ምስክር አይደለህ?
ጣቴን አየህ እንጂ የአባቴን ስም መች አየህ?
የት እንደማድር፣ ከማን እንደምበላ፣
በሕመም ፈቃዴ ቀን ስንት ሰዓት እንደገባሁ፣
ይሄ ሁሉ ጣቴ ላይ አለ?»

ራሱን አከከ። ሁለት መስመር ጻፈና ቆመ።
«ይቅር፣ ስሙን ተውኩት። ግን… ‹አሸነፈ› ልበል ‹አሸነፈች›?»

ያኔ ገባኝ። ስሜን ብደብቅ
አማርኛው ራሱ ያወጣብኛል፤
አንዲት «ች» በቂዋ ናት፣ በር ድረስ ትመራለች።

«አንቱ በለኝ» አልኩት።

ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያ ጻፈ፤
ቀለሙ ያለቀበት ፕሪንተር ፊደል እየዘለለ፦
መርፌ የተባሉ ተጫዋች፣ በዚህ ቤት፣ በዓይኔ ፊት፣
አርባ ሦስት ጊዜ ገጥመው ሠላሳ ዘጠኙን አሸንፈዋል።
ሌላ የማውቀው የለኝም።

በሕይወቴ አንቱ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር፤
ፎርማኗ እንኳ «አንቺ አሥራ ሰባት ቁጥር» ነው የምትለኝ።
ወረቀቱን አራት አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤
ታክሲ ውስጥ ሁለት ጊዜ አውጥቼ አነበብኩት።

መዝጋቢው ተቀበለኝ፤ ከረባቱን እያላላ አየው።
በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወደ በሩ ተመለከተ፣
ሽማግሌ እንደሚጠብቅ።
«ታዲያ እሳቸው የት አሉ?»

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።
ጣቶቼን አንድ በአንድ አፍታታኋቸው።

ውጤቱ? እሱ እናንተን አይመለከትም።
ግን ሳልቫጅ ተራ ሸሚዝ ከገዛችሁ፣
እንዳጋጣሚ ዞሮ ከመጣ፣
ግራ እጅጌውን ገልብጡና ስፌቱን ዳብሱት።
ካልላላ፣ እኔ ነኝ።